ነጩ ድንጋይ እስኪታይ

አንኮበር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ ልጅ፣ በእጄ ላይ ላደግኸው ለነቢዩ፤

ክረምቱን በቸርነቱ አሻግሮ ለአዲሱ እሸት ያበቃን አምላክ፣ በዚያ በሩቁ በቻይና ምድር፣ ቲያንጂን በምትባለው ከተማም ጥላውን ይዘርጋብህ፣ ወጥተህ እስክትገባ ይጠብቅህ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስልክ ስደውል «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» እያልክ ከነገሩ መካከል ስለምታመልጠኝ፣ እንደ ልማዴ በወረቀት መጻፍን መርጫለሁ፤ ምስጋና የሚባለው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ በስልኩ አንስቶ ይልክልሃል፤ ስታነበውም የሚወጣውን ምልክት ያሳየኛልና፣ አልደረሰኝም የምትልበት በር ዝግ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከሸሪኮችህ ጋር መጥተህ፣ «ጋሼ፣ የሱፍ ማጠቢያና መፍተያ ልንተክል ነው፤ የመንዝና የጣርማ በር በግ አርቢ ሁሉ ገበያ ያገኛል» ባልከኝ ጊዜ፣ ባለመሬቶቹን ሰብስቤ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ ፊታቸው ቆሜ፣ መሬቱን የመረቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ በዚያ መሬት ላይ አንዲት ዘለላ ሱፍ አትታይም። የቆመው በድንጋይ ከሰልና በአሮጌ ጎማ የሚነድ የብረት ማቅለጫ ነው፤ ደብረ ብርሃን ዳርቻዋን እያሰፋች፣ መጋዘኗንና ጭሷን ወደ እኛ ጠርዝ እየገፋች ስትመጣ፣ ከፊት ያስቀደመችው ያንተን የጭስ ማውጫ ሆነ።

ቤታችን የት እንደቆመ አትረሳም። ከአልዩ አምባ የሚወጣው አቋራጭ ከገደሉ አፍ የሚደርሰው በደጃችን ነው፤ ከሸለቆው ማዶ ያለው ነጩ ድንጋይ ከዓይን ሲሰወር የዚህ ቤት ሰው የአጋዘን ቀንዱን መለከት ይነፋል፤ መለከቱ እስካላቆመ ድረስ ከታች ወርካው ሥር የተቀመጠ ነጋዴ ጭነቱን አያነሣም፣ ከላይ ያለውም አይወርድም፤ ድንጋዩ ሲታይ መለከቱ ዝም ይላል፣ መንገደኛውም ይነሣል። በመለከት ላይ የተነሣ ሰው ቢወድቅ ፈላጊ እንደማይወጣለት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የተማማለበት ሕግ ነው። አያትህ ነፍተዋል፣ አባትህ ነፍቷል፣ እኔ እነፋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ተራው የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ጉሙ ግን ያ የምናውቀው ጉም አይደለም። የቀድሞው ከባድ ነበር፤ ከደጃችን ባለው የጽድ ዛፍ ላይ ሲያርፍ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ያኖርነውን ገንዳ ለበጎቹ ይሞላል፣ እንዲህ ራሱን አራግፎ ፀሐይ ስትበረታ ይሄዳል። የዛሬው እንደ ተነፋ ዱቄት የላመ ነው፤ አይንጠባጠብም፣ አይወርድም፣ አይሄድም፤ ገንዳው ደርቋል፣ የጽዱን ቅጠል የዳበሰ እጅ ይጠቁራል። ድንጋዩን ለአፍታ ገልጦ መልሶ የሚደፍንበትን ጠዋትም አይቻለሁ፤ ፈርቻለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ጉም ባለበትና ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ነጩ ድንጋይ ታይቶ መንገደኛው ወጥቶ እስኪያበቃ ድረስ፣ ምድጃህ አዲስ ከሰል አይጉረስ።

አጎትህ ደምመላሽ


ቲያንጂን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ ደምመላሽ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤቱስ፣ በጎቹስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሥራ ፋታ ነስቶኝ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጋሼ፣ ከቁጣዎ ሥር ፍቅር እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስለ ጉሙ የጻፉልኝ ከሳይንሱ ጋር አይገጥምም። ከተማ ሲያድግ አስፋልቱ፣ ጣሪያውና ግንቡ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልሱት፣ ጉም ይሳሳል እንጂ አይወፍርም። የደብረ ብርሃን ሾፌሮችን ይጠይቁ፤ ድሮ እስከ ረፋድ መብራት አብርተው ይነዱ የነበሩት ዛሬ መንገዱን ጥርት ብሎ ያገኙታል። ዕድገት ያመጣውን ብርሃን ዕድገት እንዳመጣው ጨለማ አድርጎ መክሰስ ፍርድ አይመስለኝም።

ማቅለጫው እንደ ጓዳ ምድጃ ሲፈልጉ የሚያጠፉት ሲፈልጉ የሚያነዱት አይደለም፤ በሰዓቱ ካልጎረሰ ይቀዘቅዛል፣ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ሱፉንም በተመለከተ፣ ሸሪኮቼ አያዋጣም ስላሉ ዕቅዱ ተቀየረ፤ በንግድ ዓለም የተለመደ ነው። ከእርስዎ ቀበሌ የመጡት የቀን ሠራተኞች እንጀራቸውን የሚበሉት ከዚያው ምድጃ ነው፤ ስለ እነርሱ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፍዎ አሳዝኖኛል።

ለድካምዎ ብዬ በኤሌክትሪክ የሚጮህ ሳይረን ልልክልዎ አስቤአለሁ፤ በእርጅናዎ ደረትዎን በቀንድ መጨረስ የለብዎትም። አንድ ነገርም ላስቸግርዎ። ሁለተኛ ምድጃ ልንተክል ስለሆነ፣ ከጎን ያለው ሜዳ እንዲለቀቅልን እንደ በፊቱ ባለመሬቶቹን ቢያነጋግሩልን ውለታዎን አልረሳም።

ልጅዎ ነቢዩ


አንኮበር፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነቢዩ፤

የአባቶችህ አምላክ ልብ ይስጥህ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ስለ ከተማው የጻፍከው እውነት ነው፤ ያንገበገበኝም እውነት መሆኑ ነው። ከተማው በሙቀቱ ጉሙን ከራሱ ላይ ገፎ ጣለ፤ ጭሱን ግን በቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ለተቀመጥነው ለእኛ ላከ። ሾፌሮችህ ያገኙት ብርሃን ከእኛ ዓይን የተነሣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የአንኮበር ገበያ ነበር። ጉሙ ከማለዳ ጀምሮ ስለወረደ ነፋሁ፤ ረፋድ ላይ ድንጋዩ ታየ፣ ጥርት ብሎ ታየ፣ አጠገቤ የነበሩትም አዩት፤ መለከቱን ከአፌ አወረድኩ፣ ከወርካው ሥርም ነጋዴው ተነሣ። ተጓዡ ከገደሉ ወገብ በደረሰ ጊዜ ምድጃህ ጎረሰ። ነፋስ ስላልነበረ ጭሱ ወደ ሰማይ አልወጣም፤ በሜዳው ላይ እንደ ደራሽ ውሃ ተንጣልሎ፣ ከገደሉ አፍ ወደ ታች ፈስሶ፣ ሊበተን አፋፍ ላይ ከነበረው ጉም ጋር ተጋባ፤ እጄን ዘርግቼ የገዛ ጣቶቼን ማየት ተሳነኝ። መልሼ ነፋሁ። መለከት ሲሰማ ባለበት መቆም ሕጉ ነውና ሰዎቹ ቆሙ፤ በቅሎ ግን ሕግ አያውቅም። አንዲት ነጋዴ ሴት፣ ዝንጅብልና በርበሬ የጫነች በቅሎዋ ደንብራ፣ ልጓሙን በእጇ እንደጠመጠመች ሴቲቱን ይዛ ገደል ገባች። በቅሎዋ ሞተች። ሴቲቱ ከታች ካለው እርከን ላይ ተይዛ ተገኘች፤ በቃሬዛ አወጣናት፤ እግሯ ደቅቋል፤ እስከ ዛሬ ሆስፒታል ናት።

በማግስቱ ከሽማግሌዎች ጋር ከፋብሪካህ በር ቆምኩ። ሥራ አስኪያጅህ ገብረአብ እጁን በኪሱ ከትቶ ወጣ።

«አባቴ፣ ጉም የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ።

«ጉሙስ የእግዚአብሔር ይሁን፤ ጎማውንም የሚያቃጥለው እርሱ ነው?» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እርሱም አብሮ ሳቀ፤ መሳቁ ከጭሱ ይልቅ አነደደኝ። «በሉ እንግዲህ ቀጠሮ ያስይዙና ይምጡ» ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ «ጭሳችሁ ቀጠሮ አስይዞ ነው ደጃችን የሚመጣው?» ብዬ ጮኽኩበት። በሩን ዘጋው።

ሳይረንህን አልሰቅልም። ሜዳውን አልለምንልህም። አሁን የምጠይቅህ፣ ስለዚህች ሴት ምን ትላለህ ብዬ ነው።

ደምመላሽ


ቲያንጂን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

በደረሰው አደጋ እጅግ አዝኛለሁ፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት። ነገሩ ሳይካረር በሽማግሌ እንዲያልቅ ገብረአብን አዝዣለሁ፤ ለሕክምናዋም ለበቅሎዋም የሚበቃ ካሳ ይከፈላል፤ ቤተሰቧ በምትኩ በየቢሮው ክስ ላለማንሣት ይፈርማል።

ነገር ግን ጋሼ፣ ባይቆጡኝ እውነቱን ልናገር። መለከቱን ያቆመው ፋብሪካው አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ ሴትዮዋ ከወርካው ሥር አትነሣም ነበር። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ ሳይሆን፣ ከሁሉም ወገን ጉድለት እንዳለ አምነን በሰላም እንድንጨርሰው ነው። በቀበሌውም ስሜን እያነሡ ባይናገሩ ደስ ይለኛል፤ ሸሪኮቼ ወሬ ይፈራሉ።

የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ ይላኩልኝ፤ ለስምምነቱ ወረቀት ያስፈልጋል።

ልጅዎ ነቢዩ


አንኮበር፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነቢዩ፤

ስለ ምድጃው ስጽፍልህ ወር ያህል ያስጠበቅኸኝ ሰው፣ ስለ ካሳው በሁለተኛው ቀን መለስክልኝ። አሁን ደግሞ እኔ አዘገየሁህ፤ የዘገየሁት ቁጣዬ በርዶ እጄ ብዕር መጨበጥ እስኪችል ነው፤ አልበረደም።

ስሟን ጠይቀኸኛል። ሰሊሃ ዘይኑልአቢዲን ትባላለች።

ስሟን አንብበህ ማን እንደሆነች እንደምታስታውስ ባምን ኖሮ ቀሪውን መጻፍ ባላስፈለገኝ፤ ነገር ግን ለወረቀት ብቻ የሚፈለግ ስም ሆኖብህ እንዳያልፍ እጽፈዋለሁ። እናትህ አንተን ወልዳ ባለፈች ጊዜ፣ የቆርቆሮ ወተት በዚህ ተራራ አይታወቅም ነበር፤ አባትህ በጨርቅ ጠቅልሎህ በዚህ ደጃፍ ላይ የሚያደርገው ጠፍቶት ሲቆም፣ ለገበያ የወጣችው ሱልጣና፣ የሐጂ ዘይኑልአቢዲን ሚስት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻትን አራስ ልጅ አውርዳ፣ «ለአንዷ የሞላ ጡት ለሁለት ያንሳል?» ብላ ተቀበለችው። ጭነቷን ለሰው ትታ አንተን ታቅፋ ወረደች፤ ጡት እስክትጥል ድረስ ከሰሊሃ ጋር ግራና ቀኝ ጠባህ። በእነርሱ ሃይማኖት ልጃቸው ነህ፤ ሰሊሃን ብታጭ እንኳ የማትፈቀድልህ እህትህ ናት። በቅሎዋን ጠብቃ፣ ድንጋዩ እስኪታይ ታግሣ፣ ሕጉን አክብራ የወጣችው፣ መለከት ሲሰማም ሕጉን አክብራ የቆመችው እርሷ ናት።

«ስሟን ለምን በመጀመሪያው ሰወርክብኝ?» ትለኛለህ። ስሟን ለማታውቃት ሴት ያለህን ቃል ልሰማ ፈልጌ ነው፤ ሰማሁት።

መለከቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ታይቶ ነበርና አቆምኩ፤ አባቴም ቢሆን ያቆመው ነበር። መልሶ ማን እንደጋረደው አንተ ታውቃለህ።

ገብረአብ ካሳውን ይዞ አልዩ አምባ ወርዶ ነበር። ሐጂው ተቀምጠው ሰሙት፤ ከዚያም፣ «ይህን ከማን ነው የምቀበለው? ከልጄ? ለማን? ለልጄ?» ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ መስጊድ ተነሡ።

እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆርጠውታል።

ደምመላሽ


ቲያንጂን፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ደምመላሽ፤

እንደምን ሰንብተዋል ብዬ ለመጀመር እንኳ ድፍረት አጣሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስተወው ሁለት ወር አለፈ።

ስሟን መደበቅዎን ይቅር ለማለት አልቻልኩም። እንደ ዳኛ ወጥመድ ዘርግተው ገመዱን ይዘው ጠበቁኝ፤ ወንድም ልሁን ባዕድ ሳልመርጥ አስፈረዱኝ። ይህን ያህል ከጠሉኝ በእጅዎ ባላሳደጉኝ! ይህን ካልኩ በኋላ፣ ያልነገርኩዎን ደግሞ ልንገርዎ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ምድጃው አዲስ አይደለም። እዚሁ ቲያንጂን አጠገብ ከነበረ፣ በጭሱ ምክንያት በመንግሥት ትእዛዝ ከተዘጋ ፋብሪካ የተነቀለ ነው፤ እዚህ የሚገዛው ስላልነበረ እኔ ገዝቼ፣ ቀለም አስቀብቼ ላክሁት። እዚህ አገር ስመጣ ሰው ጠዋት ጠዋት አፉን ሸፍኖ ነበር የሚወጣው። የጭስ ብናኝ ጥቂት ጥቂት ውሃ እየተሻማ፣ ጉሙን እጅግ ደቃቅ፣ የማይንጠባጠብ፣ የማይነሣ እንደሚያደርገው፣ ነፋስ በሌለበት ቀንም ምድጃዎች እንዲቆሙ እንደሚታዘዝ አውቅ ነበር። ስለ ከተማ ሙቀት የጻፍኩልዎ ሐሰት አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ነው የጻፍኩልዎ።

አሁን ግን ሌላ ጭንቅ ገጠመኝ። ገብረአብ እንደሚለው፣ ካለፈው ወር ጀምሮ መለከቱ ጉም በሌለበት ቀን እንኳ ይነፋል፤ የቀን ሠራተኞቹ ሲሰሙ አካፋቸውን ጥለው ይቀመጣሉ፤ ከሰል የሚያመላልሰው ሾፌርም የአገሩ ልጅ ነውና ሞተሩን ያጠፋል፤ ቢለምኗቸው፣ ቢያስፈራሯቸው፣ «በመለከት ላይ አንነሣም» ብለው ይመልሳሉ። ምድጃው እየተራበ ነው፤ ከተሰነጠቀ ያለኝ ሁሉ አብሮ ይሰነጠቃል፤ ሸሪኮቼ ሊከሱኝ ተነሥተዋል። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ለሰሊሃ የሚሆነውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ መለከቱን ግን ያቁሙልኝ።

ነቢዩ


አንኮበር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ ልጅ ለነቢዩ፤

ሰላምታ አልነፍግህም፤ እግዚአብሔር በሄድክበት ይጠብቅህ። ግማሹን መጻፍህን ራስህ ስለነገርከኝ፣ ዛሬ ስምህን ከአባትህ ስም አስከትዬ ለመጥራት ቻልኩ። ይቅርታ ግን አይምሰልህ፤ አገር ሙሉ በሳል የጨረሰ ምድጃ ቀለም ቀብተህ በእኔ ምርቃት ላይ ተከልከው።

መለከቱን አቁም ብለኸኛል። መለከቱ በእኔ እጅ የለም።

ሰሊሃ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት፣ ወደ አልዩ አምባ ልትወርድ ሲገባት፣ መኪናውን ከደጃችን አስቆመችው። በክራንች ተደግፋ ገባች፤ አባቷም ከኋላዋ።

«አባባ ደምመላሽ፣ ቀንዱን ያምጡት» አለችኝ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ልታደርጊው ልጄ?»

«ልዘፍንበት! ምን አደርገዋለሁ ይሉኛል? እግሬን ወሰዱት እንጂ ትንፋሼን አልወሰዱትም።»

«መለከት የሚነፋው ለጉም ነው፤ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል» አልኳት።

ከበሩ ወጥታ ከገደሉ አፍ ቆመች። ጭስህ ከጀርባችን መጥቶ በሸለቆው ላይ ተጋድሟል።

«ነጩ ድንጋይ ይታይዎታል?» አለችኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ ጋቢዬን ከግንባሬ ገፋሁ። «አይታየኝም» አልኳት።

«ሕጉ ስለ ጉም ነው የሚናገረው ወይስ ስለ ድንጋዩ?»

ነቢዩ፣ ዕድሜ ልኬን በነፋሁት መለከት ላይ ሕጉን ያነበበችልኝ እርሷ ናት። ድንጋዩ ካልታየ ይነፋል፤ የጋረደው ምን እንደሆነ አባቶቻችን አልጠየቁም። ሰጠኋት። የመጀመሪያው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ጥጃ ይመስል ነበር፤ ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ «ያ ረቢ! ገበያው ሁሉ ጥጃ ሊፈልግ ይወጣል!» አሉ። ሦስተኛውን ስትነፋ ግን ከሜዳው ማዶ የአካፋው ድምፅ ቆመ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሲቀመጡ ከደጃችን ሆነን አየናቸው። በማግስቱም ነፋች፤ ጭስ ባለበት ቀን ሁሉ ትነፋለች፤ ጭሱ ተበትኖ ድንጋዩ ሲታይ ያን ጊዜውኑ ከአፏ ታወርደዋለች፤ አንድ ትንፋሽ አትጨምርም።

ገብረአብ መጥቶ ነበር። «እመቤት፣ ጉም በሌለበት ለምን ትነፊያለሽ?» አላት።

«ጉም የእግዚአብሔር ሥራ ነው አላልክም?» አለችው፤ «ይሄኛው ያንተ ነው፤ ለእርሱ ነው የምነፋው።» እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሄደ።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። የተነቀለው ምድጃ ላይ ስደርስ አስቆመችኝና፣ «እዚያ ሰው ያሳለውን ነው ለእኛ ያመጣው?» አለች። ቀጥላም፣ «የሚለምነኝ ነገር ካለ እርሱ ራሱ ይምጣ፤ በመኪና ግን እንዳይመጣ» አለችኝ።

እንግዲህ መለከቱ እንዲቆምልህ ከፈለግህ መንገዱ ይህ ነው። በአልዩ አምባ በኩል ና፤ አቋራጩን በእግርህ ያዝ፤ ወርካው ሥር ስትደርስ ነጋዴው መካከል ተቀመጥ። መለከቱ እየተነፋ ከሆነ አትነሣ፤ በመለከት ላይ የተነሣ ሰው ፈላጊ አይወጣለትም፤ ለአንተም ቢሆን አልወጣም። ስልክህን አውጥተህ ምድጃህን አስቁም፤ ቢሰነጠቅም ይሰንጠቅ። ከዚያ ጭሱ እስኪበተን፣ ነጩ ድንጋይ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ እያየህ እዚያው ቆይ። ዝም ስትል ትሰማታለህ። ያን ጊዜ ውጣ፤ እህትህ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

አጎትህ ደምመላሽ